መቀነቱና የአልጋው እግር

ሰኞ ጠዋት በልብስ አጣቢዋ ቤት የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ አጣቢዋ፣ እናቷ፣ የላላ በር ሊያይ ብቅ ያለው ጎረቤታቸው ወጣቱ አናጢ፣ እንዲሁም በመቀነት ከአልጋ እግር ጋር የታሰረችው የአጣቢዋ ሕፃን።

የሰፈሩ የሴቶች ማኅበር ለአጣቢዋ በሳሙና መሥሪያው የሥራ ቦታ ሰጥቷታል፤ ዛሬ ካልቀረበች ለሌላ ይሰጣል። ከመሥሪያው አጠገብ የሕፃናት ማቆያም ተከፍቷል። አሮጊቷ ግን «የልጅ ልጄን ለባዕድ አልሰጥም» ብለዋል። አጣቢዋ ጫማዋን አድርጋ እናቷን እያየች ቆማለች።

«እማማ፣ ይህችን እስረኛ በምን ጥፋት ያዟት?» አለ አናጢው።

«በመሮጥ። እሷ እግር አወጣች፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ ጡረታ ወጣ። አምስት ልጅ በዚህ መቀነት አሳድጌያለሁ፤ አንዱም እሳት ውስጥ አልገባብኝም።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ እንጂ ሕፃን ያስር አልተባለም።»

«አፍህ ከመጋዝህ ይብሳል» አሉ፤ ሳቃቸውን ግን በእጃቸው ሸሸጉ።

«ማቆያው እኮ የታጠረ ነው። ሞግዚቶቹም እዚሁ ያደጉ የሰፈራችን ልጆች ናቸው።»

«ልጅ ከቤቱ ይደግ። እኔ ልጆቼን ጥዬ የት ሄድኩ?»

«የትም አልሄዱም። ያኔ የጡብ ፋብሪካው ሴቶች ሲቀጥር እርስዎ ለምን ቀሩ?»

«ልጆቼን ለማን ጥዬ?»

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ቤቱ መካከል ቆመ። አናጢው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መቀነት ሁለት ጫፍ አለው፣ እማማ። አንዱ ልጆቹን ሲይዝ ሌላው እርስዎን ይዞ ነበር። አሁን ደግሞ ልጅዎን ሊይዝ ነው። የሰው ልብስ አጥባ የምታገኘው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ታላቋ ልጇም ትምህርት አቋርጣ ውሃ ትቀዳለች።»

አሮጊቷ መቀነቱን በጣታቸው ዳሰሱ። የከለከሉት በክፋት አልነበረም። ሰው የሚሰጠው የሚያውቀውን ፍቅር ነው፤ የእርሳቸው ፍቅር ደግሞ ቋጠሮ ነበረው።

«እኔስ?» አሉ በመጨረሻ። «ሕፃኗ ከሄደች ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? ከአልጋው ጋር?»

«ማቆያው ተረት የሚያወራ ሰው አላገኘም። አብረዋት ይሂዱ፤ ወንበር እሠራልዎታለሁ። በሕፃናቱ ወንበር ከተቀመጡማ የሚያነሳዎት አይገኝም።»

«መደገፊያ ያለው ይሁን።»

ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱ፤ መቀነቱንም ወገባቸው ላይ ታጠቁት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ጫማሽን አድርገሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ቅደሚ እንጂ።»

በዓመቱ አጣቢዋ የሰው ልብስ ማጠብ ትታ ሳሙና እየሠራች ትሸጥ ነበር። ታላቋ ልጅ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ የሚያፈሰውም ጣሪያ ተቀየረ። ሕፃኗ በማቆያው ምሳ በልታ ስለምትተኛ ጉንጯ ሞላ። ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ መጠበቂያ ሲያበጅ የእናት እጅ ይፈታል፤ የእናት እጅ ሲፈታም ችግር በቤቱ ብዙ አይቀመጥም።

አናጢው ያን ሰኞ ጠዋት በሩን ሳይጠግን ረስቶት ሄደ። ወንበሩን ግን በዚያው ሳምንት ሐሙስ አመጣ፤ መደገፊያ ነበረው።