ሰባት ቤት የተቆጠረለት በቆሎ

ካቻምና በሚያዝያ፣ ከጎረቤቴ ከመሪጌታ አዳነ ጋር ከአርብ ገበያ ስንመለስ፣ የሰብል ምርምር ባለሙያዋ ህሊና መንገድ ላይ አገኘችን። መሪጌታን ያን ቀን ከፍቷቸው ነበር። ከአባታቸው የወረሱት ነጭ በቆሎ ከዓመት ዓመት እየኮሰመነ፣ የበቆሎው ራስ የሕፃን ጡጫ አክሏል።

«ልጄ፣ የአባቴ ዘር በእጄ ሊጠፋ ነው። ዘንድሮስ ቆልቼ በልቼው ልገላገል።»

«የኔታ፣ ለዘር የሚያስቀሩት ከስንት አገዳ ነው?»

«ከአምስት፣ ከስድስት። ነጭ ነጩን መርጬ! ከባዕድ አላቀላቅልም።»

ህሊና ፈገግ አለች። «የዚያችን የሰፈራችሁን ልጅ የቃልኪዳንን ጋብቻ ያስቀሩት እርስዎ ነዎት አሉ?»

«አዎን! ብቆጥር አምስተኛው ቤት ላይ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ሰባት ሳይሞላማ እንዴት ይሆናል?»

«ታዲያ ለሰው ሰባት ቤት እየቆጠሩ፣ በቆሎውን ሠላሳ ዓመት እህትና ወንድም ሲድሩ ኖሩ?»

ሳቄን በጋቢዬ አፈንኩ። መሪጌታ ጭራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረህ!»

«ኧረ ዘጠነኛን ጀምሬያለሁ፣ የኔታ።»

ህሊና ቀጠለች። «ከእስቴ ቀዩን፣ ከወገዳ ቢጫውን አምጥተን ከነጩ ጋር እናጋባው። ጉልበቱ ይመለሳል። አንዱ ድርቅ ቢችል፣ ሌላው ነቀዝ ይችላል።»

«ታዲያ የአባቴ መሆኑ ቀረ!»

«እርስዎ ድጓውን ቤተ ልሔም፣ ቅኔውን ሌላ አገር ተምረው የአባትዎ ልጅ መሆንዎ ቀረ?»

መሪጌታ ጭራቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ አምጪውና እንየው» አሉ። የእሳቸው «እስቲ» ግማሽ እሺታ መሆኑን ጎረቤት ያውቃል።

በዚያው ክረምት ሦስቱን ጎን ለጎን ዘሩ። ነጩ ከቀዩና ከቢጫው ብቻ እንዲዳቀል ህሊና የነጩን ወንዴ አበባ ዱቄቱ ሳይበተን ከአናቱ ስትቆርጥ፣ መሪጌታ «የልጄን ጥምጥም ገፈፍሽው!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አምና ከነጩ አገዳ የተገኘውን ድብልቅ ዘር በግማሹ መሬት፣ የጥንቱን በግማሹ ዘሩ። ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ቀጥ አለ። የጥንቱ ጠወለገ፤ አዲሱ ቀጥ ብሎ አፈራ። በኅዳር ከጥንቱ ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ሲገኝ፣ ከአዲሱ አምስት ሞላ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ነጭና ቢጫ ፍሬ የተሰባጠረበትን ትልቅ የበቆሎ ራስ ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ።

«ስሙኝ! ዘር ከአምስት አገዳ አትልቀሙ፤ ከሁለት መቶ ልቀሙ። ከሩቅ ሰው ተለዋወጡ። ዝናብ ቢያጥር፣ ነቀዝ ቢመጣ፣ ሁሉም ባንድ ቀን አይወድቅባችሁም።»

ካሣነሽ ከሴቶቹ መካከል ጠየቀች፦ «የኔታ፣ የአባትዎ በቆሎስ ታዲያ የት ደረሰ?»

የበቆሎውን ራስ ወደ ደረታቸው አስጠግተው ሳቁ።

«ይኸው! አማች አበጀ እንጂ መች ሞተ?»