ምንጭ ጥቀስ እንጂ ሰው ስጥ አልተባለም

— ሄሎ... አቤት... አንተ ነህ እንዴ? እኔም ልደውልልህ ነበር።

— የምን የምስራች?... የሴቶች ጥናት ተመራማሪዎች ጽሑፍህን እየጠቀሱት ነው?... እንግዲያውስ ነገሩ ብሷል።

— ኧረ አልቀናሁም። ያስተማርኩት ልጅ ቢጠቀስ ምን አስቀናኝ?... ስማኝማ። ባሏ ስለሚደበድባት ልብስ ሰፊ የጻፍከው አለ አይደል? ሴትዮዋ እዚህ ቢሮዬ ተቀምጣለች።

(ቁጭ በይ እኅቴ፣ እሱ ነው። ውሃውን ጠጪ።)

— ለምን መጣች ትላለህ ደግሞ? ግርጌ ማስታወሻው ላይ ሙሉ ስሟን፣ የምትሰፋበትን ሱቅ ሳይቀር አስፍረሃል። የባሏ ወንድም አይቶት ለባሏ አነበበለት። አሁን ቤቷ መግባት አትችልም... ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— እኔ ነኝ ምንጭ ጥቀስ ያልኩህ?... አዎ፣ ምንጭ ጥቀስ አልኩህ እንጂ ሰው አሳልፈህ ስጥ አልኩህ? መጽሐፍ ከሆነ ከነጸሐፊው ከነገጹ ትጠቅሳለህ። ስሜ እንዳይወጣ ብላ ገበናዋን ያዋየችህን ሴት ግን "አንዲት ልብስ ሰፊ" ብለህ ታልፋለህ። ይኼ እኮ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው።

— ማን? የመጽሔቱ ገምጋሚ?... እሺ፣ ማስረጃህ ሳሳ አለህ። አንተ ደግሞ በሷ ስም አወፈርከው።... የለም፣ አልተቆጣሁም። አስጠላኸኝ። ስለ ሴቶች መከራ እየጻፍክ መከራ ትጨምርላቸዋለህ። ጽሑፍህን ድጋሚ ሳነበው አንገሸገሸኝ።

— ይቅርታ?... ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሱን ተወውና አሁኑኑ ለመጽሔቱ ደውል። ጽሑፉ ከድረ ገጹ ይነሳ... አዎ፣ ታርሞ እስኪወጣ። የጠቀሱህ ሰዎችም ይነገራቸው፤ እነሱም ስሟን ይዘው እየዞሩ ነው።

— ምን?... እስቲ ድገመው... እድገቴስ ነው ያልከው?

(ምንም አይደል እኅቴ። ዛሬ እኔ ጋ ታድሪያለሽ።)

— ከተነሳ እድገትህ ይቀራል። ገባኝ... አይ፣ ለኔ አታስረዳኝ። እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ለራሷ ንገራት። ስልኩን እየሰጠኋት ነው።

(እንኪ፣ አናግሪው።)

(ምን ሆነ?... ዘጋው? እስቲ አምጪው።)

— ሄሎ... ሄሎ?

(ዘግቶታል። ተነሺ እኅቴ፣ የመጽሔቱ ቢሮ ሩቅ አይደለም። እሱ ካላስነሳው እኛ እናስነሳዋለን።)