የላዩ ፍሬ እስኪደርቅ

አቶ ፈረደ ከመተማ ወደ ሽንፋ ሲሄዱ ትራክተራቸውን ያቆሙት፣ መምህር ያብስራን በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ሲኳትን አይተው አዝነውለት ነው። ምን ወሬ እንደያዘ ቢያውቁ ኖሮ አቧራ አልብሰውት ያልፉ ነበር።

"ደረበን ገለጉ ጤና ጣቢያ አገኘሁት" አለ መምህሩ እንደተቀመጠ። "ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ይዞታል። 'ቤት ልግባ ወይ ብለህ አባቴን ጠይቅልኝ' ብሎ ላከኝ።"

የአቶ ፈረደ ፊት ጠቆረ። ደረበ አንድ ልጃቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የታጨደ ሰሊጥ እንዲጠብቅ ቢያስቀምጡት አረቄ ጠጥቶ ተኛና፣ በለኮሰው እሳት የዓመት ልፋታቸው ጋየ። ያን ዕለት "ፍጹም ሰው ሳትሆን ደጄን እንዳትረግጥ" ብለው አባረሩት። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልጣማቸውም፤ ግን ከአፌ የወጣ ቃል ነው ብለው ደረቁ።

"መጠጡን ተወ?"

"አብዛኛውን ትቷል፣ አያ ፈረደ። አልፎ አልፎ ግን ያዳልጠዋል።"

"እንግዲያው ፍጹም አልሆነም።"

መምህሩ ግዕዝ የተማረ፣ ቃል ሳይፈትሽ የማያልፍ ሰው ነው። "ይፍቀዱልኝና፣ ፍጹም የመጣው ፈጸመ ከሚለው ነው፤ ጨረሰ፣ ከዳር አደረሰ ማለት ነው። ምሉእም መልአ ከሚለው ነው፤ ጥቂት በጥቂት ተጨምሮበት የሞላ። ሁለቱም ከልፋት በኋላ የሚመጡ ናቸው። እርስዎ ግን መጨረሻውን በር ላይ ጠየቁት።"

"ቄሱስ ፍጹማን ሁኑ እያሉ ያስተምሩን የለም? ደግሞስ አርአያ አጥቶ ነው? እኔ አለሁለት አይደል?"

"አርአያም ርእየ ከሚለው ነው፤ አየ ማለት ነው። ደረበ ገለጉ ተኝቶ እርስዎን ከየት ያያል?"

አቶ ፈረደ መሪውን ጨብጠው ሽንፋ እስካለው የሰሊጥ ማሳቸው ነዱ።

ማሳው ላይ፣ ለአጨዳ ከጎጃም የመጣ እንዳለው የተባለ ሠራተኛ ማጭዱን ይዞ ቆሟል። "አባቴ፣ የላዩ ፍሬ ገና ለጋ ነው። አንድ ሳምንት ብንታገሥስ?"

"የላዩን ስትጠብቅ የታቹ ተከፍቶ ይረግፋል" አሉት፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ እንደሚሉት። "አሁን እጨድ። ነዶውን አስረህ፣ አንዱን በአንዱ አስደግፈህ ሂላ አቁመው፤ ለጋው ከሌሎቹ ጋር ተደጋግፎ ይደርቃል።"

የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ የደረሰው ያኔ ነው። መምህሩ እንዳያፍሩ ብሎ ወደ ሌላ አየ።

"ለሰሊጥ የማውቀውን ለልጄ ነፈግሁት" አሉ አቶ ፈረደ። "ተነስ፣ ገለጉ እንሂድ። አጨዳውን እንዳለው ያየዋል።"

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ አላባበለቻቸውም። መድኃኒቱ ተጀምሯል፣ ግን ልጁ በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው አለቻቸው። ደረበ ሆዱ አብጦ እግሩ ሰልሏል።

"አባዬ፣ ገና ነኝ። መጠጡን ሙሉ ለሙሉ አልተውኩትም።"

"ቤት ሆነህ ትጨርሰዋለህ።"

ደጋፊ ያለው ሰው ሕመሙን ቶሎ ይናገራል፣ መድኃኒቱን አያቋርጥም፣ ሲያዳልጠውም የሚይዘው እጅ አለ። የተባረረ ሰው ግን ችግሩን ደብቆ ይከርማል፤ ደረበም ትኩሳቱን የደበቀው ወሬው አባቱ ዘንድ እንዳይደርስ ፈርቶ ነበር። አቶ ፈረደ ይህንን የሰሙት እዚያ አልጋ አጠገብ ነው፤ አለቀሱም።

ከዚያ ክንዱን በትከሻቸው ላይ ጣሉና ቀስ ብለው አቆሙት። ተደግፎ ቆመ። የረገፈውን ሁለት ዓመት ግን የሚለቅመው የለም።