ቁም ሣጥኑ ለምን እዚያ ቆመ

የሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ክረምት ከብዷል፤ ትናንትም ሲዘንብ ዋለ፤ ዛሬ ፀሐይ ነው። ቁጭ በይ የኔ ልጅ፤ ሕፃኑ ይከብድሻል። ሳሉ ቆየበት እንዴ?… አይዞሽ። ደረቅ ቤት ሲገባ ይለቀዋል።

ቤቱን ወደድሽው አይደል? ማን ይጠላዋል። በፀሐይ ቀን ያላማረ ቤት የት አለ? ቤት ለማሳየት ቀን የሚመርጥ ሰው አውቃለሁ። እኔ ለዘር ብዬ ሰማይ አያለሁ፤ እሱ ለገዢ ብሎ ያያል። ባለፈው በዝናቡ ልምጣ ብትይው ቁልፉ ጠፋ አለሽ አሉ… ቁልፍም ዝናብ ይፈራል ማለት ነው።

ሥራ ወዳድነቱ አይካድም። ትናንት እጁ ቀለም በቀለም ሆኖ ዋለ። ቤቱን ሁሉ እንዳይመስልሽ፤ ለሕፃኑ ይሆናል ያሉሽን ክፍል፣ ያንንም አንዱን ግድግዳ ብቻ። አንዱን ለይቶ መውደድ ምን ይባላል? ቀብቶ ሲጨርስ፣ ሰው እንዳያየው ሳስቶ መሰለኝ፣ ቁም ሣጥን አስጠጋበት። እናት ለልጇ እንዲህ አትሳሳም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ቀለም ግን እያደር… እንጃ፣ እኔ ስለ ቀለም ምን አውቃለሁ።

ዳቦው ሸተተሽ? ምድጃው ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይሞቃል እንጂ አይቆረስም። ራበኝ ብል «አባዬ፣ እሱ ለሽታ ነው» ተባልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንዴ ሳመርት ለሽታ መሆኑን የነገረኝ የለም።

በሩ ላይ ቆሞ ቁልፍ የሚያሽከረክረውን ወንድ ልጄን እያልኩ አይደለም። እሱ ደላላ ነው፤ የተማረ ነው። እኔ ሦስተኛ ክፍልን አልጨረስኩም፤ በምን አቅሜ ስለ እሱ አወራለሁ? የምልሽ ስለ ሌላ ሰው ነው… ታዲያ እሱን ምን አላበው?

ያ ሳሎኑን በሜትር የሚለካው ባለ ኮትስ? «ሌላ ገዢ ነው፤ ዛሬ ካልቀደምሽው ይወስደዋል» ተብለሻል። ጥሩ ሰው ነው፤ የልጄ ሚስት ወንድም ነው። ባለፈው ወር ሌላ ቤት ሲለካ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሌላ። ሁልጊዜ ሲለካ እንጂ ዕቃ ሲያስገባ ያየው የለም… ቤት ማጣት ክፉ ነው። ኮቱን አታድንቂለት። ለልጄ ሠርግ ያሰፋሁት የራሴ ኮት ነው።

ስለ እኔስ ምን አሉሽ? «ልጆቻቸውን በዚህ ቤት ያሳደጉ፣ የተባረኩ ሽማግሌ»? ለዚህ ወንበር እኔን የመረጠኝ ሰው ብልህ ነው። ትናንት ከእርሻዬ አምጥቶ፣ ጢሜን አስላጭቶ፣ ዱላዬን አስይዞ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠኝ። አበባው በዚያ፣ እኔ በዚህ። አበባው እንኳ ውሃ ተሰጠው። እዚህ ቤት ያደርኩት ትናንት ብቻ ነው፤ ያውም በዚያ ክፍል። ስነሳ ብርድ ልብሴ ጤዛ የመታው ሣር ሆኗል።

ዝም ባይ ስለሆንኩ ነው የተመረጥኩት። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?… ወርቅነቱን ያወቀ ልጅ ደግሞ ይሸጠዋል። አልፈርድበትም፤ በሬ ስሸጥ እያየ ነው ያደገው። እኔ ግን የሚያነክስ በሬ ስሸጥ ገዢው እንዲያየው ገበያው መሐል አስኬደው ነበር። ያን ዕለት ወዴት እያየ እንደነበር እንጃ።

ቦርሳሽን ቆይ፣ አትክፈቺው። ቀብድ የትም አይሄድም፤ ከእጅሽ ከወጣ ነው የሚሄደው።

ብዙ አወራሁ፤ የዓመት ንግግሬን ጨረስኩ። ጠዋት ብርድ ልብሴን ሳሰጣ የወሰንኩትን ልሥራ። ነይ ተከተይኝ፤ ቁም ሣጥኑን ልገፋው ነው። አይ፣ አታግዢኝ፤ ባዶ ነው። ለጌጥ የቆመ ነው… እንደ እኔ።

ይኸው። ጥላ አይደለም፣ ሻጋታ ነው። ቀለሙ በአንድ ሌሊት አብጦ ተላጠ። እጅሽን አስነኪው… ሕፃኑን ግን አርቂው።

በይ፣ እኔ አውቶቡስ ሳያመልጠኝ ወደ እርሻዬ ልሂድ። ኮቴን ከባለ ሜትሩ ተቀብዬ እሄዳለሁ።

ለዚያ ለምልሽ ሰው ግን ቂም የለኝም፤ ምርቃቴን አድርሺልኝ። እጁ ይባረክ፤ የነካው ሁሉ ይሸጥለት። ሚስቱ በቅርቡ ትወልዳለች አሉ… እግዜር ወንድ ልጅ ይስጠው። ጤነኛ፣ ብልህ፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ። ሲያረጅም መስኮት አጠገብ ወንበር የማያሳጣው።