ጉተማ ቁልቁለት ሲደርስ ከፈረሱ ለምን እንደሚወርድ

በኛ ጊዜ፣ ስማኝ ሚኪያስ፣ ፈረስ የሚታየው ከታች ወደ ላይ ነው። አንተ ጋማውን ነው ያሳየኸኝ፤ ጋማው ያምራል፣ እሺ፣ ግን ጋማ ሰው ተሸክሞ አይወርድም። መጀመሪያ ሰኮናው፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ደረትና ጀርባው፤ መልኩ መጨረሻ ነው። እና ደግሞ ለምን ሥራ እንደሆነ ይጠየቃል። ለጉግስ ከሆነ ደረቱ የሰፋ፣ ጀርባው ያጠረ፣ ጭኑ የሞላ፣ ቶሎ የሚዞር ነው የሚፈለገው፤ ሜዳ ላይ ነዋ የሚሮጠው። አንተ እንደምትለው ፈረስ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ጎብኚ ይዞ እንጦጦን ሽቅብ ቁልቁል ለሚለው ግን ሌላ ነው፣ ሌላ ፈረስ ነው። እዚያ የፊት ጉልበት ነው፣ የፊት ጉልበት።

ቆይ፣ አትቸኩል። ሁለት ጊዜ ቁልቁል አስወርጄህ ያንተን አይቻለሁ፤ የታየኝን ከመናገሬ በፊት የጉተማን ፈረስ ልንገርህ።

ጉተማ ጓደኛዬ ነበር፤ እዚሁ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከኔ አጥር ሦስተኛው ቤት ነው። መሬታችን ለቤት መሥሪያ ሲወሰድ ሁላችንም ከብቱን ሸጥን፣ እኔም ዘበኛ ሆንኩ፣ እሱም ዘበኛ ሆነ፣ ፈረሱን ግን አልሸጥም አለ። መልኩ ዳማ ነው፣ ደረቱ እንዲህ የሰፋ፣ ጉግስ ሲወጣ ሰው ሥራውን ትቶ ያየዋል። ታዲያ ጉተማ አንድ ልማድ ነበረው፤ ቁልቁለት ሲደርስ ይወርድና ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይሄዳል። ሁልጊዜ ነው፣ ዝናብም ይሁን ፀሐይ። ሰዉ "ፈረሱን ከሚስቱ አብልጦ ይወዳል" እያለ ይስቅበታል። ሚስቱ አስካለም "እኔን እንኳ ገበያ ስሄድ እንዲህ አይሸኘኝም" ትላለች፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ፈረሱ ዝም ብሎ ሲቆም እንኳ የፊት ጉልበቱ ወደፊት ሸብረክ ያለ ነው፣ ከሰኮናው በላይ ያለው ደግሞ እንደ ችካል ቀጥ ያለ። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው፤ ሜዳ ላይ አይታወቅም። ቁልቁል ሲሆን ግን ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ይመጣል፣ ሰው ሲጨመርበት ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን ጉተማ በኦሮምኛ "ጉልበቱን አላምነውም፣ ለሰው እንዳታወራብኝ" አለኝ። እኔም አላወራሁም።

ታዲያ ጉተማ ታመመና ሞተ። ለቅሶው ላይ ፈረሱን ግላሱን፣ ያን የክብር ልብሱን፣ አልብሰው መሐል አዞሩት። እንደምታውቀው፣ አታውቅም መሰለኝ አንተ የኮንዶሚኒየም ሰው፣ ባለቤቱ የሞተበት ፈረስ ይሞገሳል እንጂ እንከኑ አይነሣም። እና በአርባው ዕለት አንድ ልጁ ደጀኔ መጣ። ደጀኔ የታክሲ ሾፌር ነበር፣ የመኪናዋ ባለቤት ሸጧት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

"አባባ፣ የአባቴን ፈረስ እንጦጦ ላይ ለጎብኚ ላሠራው ነው፣ ይሆናል?" አለኝ።

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። አስካለ ጥቁሯን ለብሳ የፈረሱን አንገት ይዛለች። ምን ልበል? የጉተማ ፈረስ እግሩ አይረባም ልበል? በአርባው?

"የጉተማ ፈረስ የማይሆነው ምን አለ" አልኩ። ሰዉም እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ፣ አስካለም እያለቀሰች መረቀችኝ።

ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር እኮ፣ በልቤ። በነጋታው ተራዬ ነበር፣ ሥራ ገባሁ። ከዚያ ኮርቻውን በቀይ ጨርቅ አስውቦ፣ ደስ ብሎት፣ እጁን እያውለበለበልኝ ሲያልፍ አየሁት፤ ደስታውን ላጥፋበት? ነገ ነገ ስል ሦስት ሳምንት ሄደ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

ዝናብ ያባራበት ከሰዓት ነው። ደጀኔ ሥራ ጨርሶ ወደ ቤት ሲመለስ፣ ያቻት ከደጃፌ የምታያት ድንጋይ የተነጠፈባት ቁልቁለት፣ አባቱ ሁልጊዜ የሚወርድባት፣ እሱ እንደተቀመጠ መጣባት። አየሁት፣ እዚሁ ቆሜ ነበር። ውረድ ልል አፌን ስከፍት ፈረሱ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ፣ ደጀኔም በፈረሱ ራስ ላይ አልፎ ወደቀ፣ ፈረሱ ደግሞ ተንከባሎ መጣበት። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ፈረሱም ከዚያ በኋላ አልቆመም።

ለቅሶው ላይ፣ ያው ድንኳን ያው ቦታ፣ አስካለ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

"ጉተማ ቁልቁለት ላይ ለምን ነበር የሚወርደው?" አለችኝ።

"የፈረሱን ጉልበት አያምነውም ነበር" አልኳት።

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ በአርባው ለምን አሞገሱት?"

"የሞተ ሰው ፈረስ ነው ብዬ ነው አስካለ፣ ለጉተማ ክብር ብዬ።"

"ልጄ ግን በሕይወት ነበረ" አለችኝ። ይኸው ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ አጎንብሳ፣ በአክብሮት፣ ምነው በሰደበችኝ እላለሁ። እውነቴን ነው፣ ምነው በሰደበችኝ።

እንግዲህ ሚኪያስ፣ ሁለት ጊዜ ቁልቁል ያስወረድኩህ ላለፋህ አይደለም። ፈረስህ ያምራል፣ ደረቱም ጥሩ ነው፣ ሜዳ ላይ ይሮጥልሃል። ግን ና፣ በዚህ በኩል ቁም፣ በጎኑ እየው። ጉልበቱን አየኸው? ሲቆም ሸብረክ ያለውን? እኔ ይኸን ጉልበት አውቀዋለሁ። ቅር ይበልህ፣ ተቀየመኝ፣ ሰው አታስቀምጥበት።

"አባባ፣ ለነገ እኮ ሰዎች ቀጥሬያለሁ። ቀስ እያልኩ ይዤው ብወርድስ?"

ኮርቻውን ፍታ። አሁን፣ እያየሁህ።

"እሺ አባባ። ይኸው፣ ፈታሁት።"