ድልድዩን ያቋረጠው ሰልፍ

ይህ ቤተሰብ ነገር ሁሉ የተበላሸበትን ቀን ያውቀዋል። ሐሙስ ነበር፤ ከምሽቱ ዜና ቀደም ብሎ አዲሱ የሠራዊት ዘፈን በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈበት ዕለት። ምስሉን ከዘፈኑ ጋር ያቀናበሩት፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን፣ በዚያ ሐሙስ ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሆነው ከሥራ የገቡበትን ቀን ባለቤታቸው አያስታውሱም። የሰው ዕድሜ ግን ከአንድ ሐሙስ አይጀምርምና ከመነሻው እንነሳ።

ወንድማችን የሲኒማ ቤት ትኬት ተቆጣጣሪ ከነበሩት አባታቸውና በዚያው ሲኒማ ቤት ወንበር ያጸዱ ከነበሩት እናታቸው የተወለዱ የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሥርዓት አጥባቂ ስለነበሩ የገዛ ልጃቸውን እንኳ ያለ ትኬት ወንበር ላይ አያስቀምጡም ነበር፤ ፊልሙ ከሚታይበት ነጭ መጋረጃ ጀርባ ስለሚቀመጥ ሰው ግን የወጣ ደንብ ባለመኖሩ፣ ልጃቸው ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ፊልሙን ሁሉ ከኋላ፣ ግራው ቀኝ ቀኙ ግራ ሆኖ እያዩ አደጉ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የአንድ ፊልም ጀግና የሚተኩሰው በግራ እጁ ነው ብለው ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ተጣልተው ሸሚዛቸው ተቀዶ መምጣታቸውን እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ እየሳቁ ይተርኩት ነበር። እሳቸው ግን ከጎለመሱም በኋላ ያንን ጠብ እንደ ቀልድ አላዩትም፤ «እነሱም አይተዋል፣ እኔም አይቻለሁ፤ ያልተጠየቀው ማን የት ሆኖ እንዳየ ነው» ይሉ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው በፊልምና በድምፅ ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ በሠራዊቱ የሙዚቃና የፊልም ክፍል በምስል አቀናባሪነት ተቀጠሩ። የሥራ ክፍላቸው መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው ድምፅ እንዲውጥ በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ቆሞ የሚውልበት ጠባብ ቤት ነበር። በዚያ ቤት የዘፈኑ ከበሮ ሲመታ የወታደሩ ጫማ መሬት መርገጥ አለበት፤ የአንድ ሻለቃ ጦር እግር ባይስማማ እንኳ ወንድማችን ከዚህም ከዚያም እየቆረጡ ያስማሙት ስለነበር፣ ባልደረቦቻቸው «አሥር አለቃ ያቃተውን መቀስ ያሰልፈዋል» እያሉ ጋሼ መቀስ የሚለውን ስም አወጡላቸው። ስሙም ከተወለዱበት ስም ይልቅ ጸንቶ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሳይቀር ሞታቸውን በዚሁ ስም አወጀ።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት ካሜራ ባለሙያውን ተከትለው ወደ ደንብ ልብስ ፋብሪካ በሄዱ ጊዜ ነው። ባለቤታቸው በስፌት መኪና ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው «እጃችንን ብቻ ነው የምታነሱት? ፊት የለንም እንዴ?» ቢሏቸው፣ ጋሼ መቀስ በሳምንቱ ብቻቸውን ወደ ፋብሪካው ተመለሱ። ትዳራቸውም በአንዲት ሴትና በአንድ ወንድ ልጅ ተባረከ።

ሥራቸውን ይወዱት ነበር፤ ይጠራጠሩትም ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ከዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ተመርቀው በመጡ ሰሞን ይህ ሁሉ ዘፈንና ሰልፍ ንጹሕ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ለሞተ ሰው የሚደረግ መታሰቢያ ከበሮ አያስፈልገውም ብለው ሲሟገቷቸው፣ ጋሼ መቀስ አልተቆጡም፤ ተነሥተው ታናሻቸውን ሻይ ቤት ወሰዷቸው። እዚያ ዘፈኑ በቴሌቪዥን ሲጀምር ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለስክሪኑ፣ ፊታቸውን ለሰዉ ሰጥተው ተቀመጡ። ጫማ ጠጋኙ ሳያውቀው መዶሻውን ከከበሮው ጋር ማስማማቱን፣ ልጅዋ የዘመተባት አስተናጋጅ ትሪዋን ይዛ ቀጥ ብላ መቆሟን፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን መሸፈናቸውን አንድ በአንድ አሳዩዋቸው። «እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፤ ዘፈኑ አንድ ነው፣ ከእነዚህ ለየትኛው ነው ፕሮፓጋንዳ የሆነው?» አሏቸው። ታናሻቸው የሰጡት መልስ ረጅም ነበር፤ አላረካቸውም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሻይ ቤት ሲገቡ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥን ሰጥተው መቀመጥ ልማዳቸው ሆነ።

ያ ሐሙስ የመጣው የኮረብታው ውጊያ ካበቃ በኋላ ነው። ለአዲሱ ዘፈን ሠራዊቱ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ኮረብታው ሲዘምት የሚያሳይ ምስል ተፈለገ፤ ነገር ግን የካሜራው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ባለሙያው ደርሶ ያነሣው ሠራዊቱ ሲሄድ ሳይሆን ከውጊያው ተርፎ በዚያው ድልድይ ሲመለስ ነው። በዚያ ክፍል ደግሞ አንድ የታወቀ ደንብ ነበር፤ ዓይን እንደ ንባብ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጓዝ፣ ወታደር በስክሪን ላይ ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ አይራመድም፤ ወደ ግራ ከተራመደ የሚያፈገፍግ ይመስላል። ተመላሾቹ የሚራመዱት ወደ ግራ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ በዚያ ጠባብ ቤት ከኋላቸው ቆመው፣ እጃቸውን በጋሼ መቀስ ትከሻ ላይ አሳርፈው «ገልብጠው፤ ማን ያውቃል?» አሉ። ጋሼ መቀስም ምስሉን እንደ መስታወት ገለበጡት፤ ሲመለስ የነበረው ሰልፍ ዘማች ሆነ።

በዚያ ሐሙስ ምሽት ቤታቸው ዘፈኑን ሲመለከቱ ባለቤታቸው ሳቅ ይዟቸው «እነዚህን ልጆች የሴት ኮት ማን አለበሳቸው? ቁልፋቸው እኮ በተቃራኒው ነው፤ እኛ ፋብሪካ እንዲህ አይሰፋም» አሉ። ጋሼ መቀስም አብረው ሳቁ። ነገሩ እስከዚያ ድረስ የሚያስቅ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት በልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ በካውያ የሚተኩሱ እናት ወደ መሥሪያ ቤቱ በር መጥተው «የልጄን ጠባሳ ከግራ ቅንድቡ ወደ ቀኝ ያዞረው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥበቃዎቹ አእምሯቸው የተነካ መስሏቸው «ሂጂ እናቴ፣ ፀሐዩ መትቶሽ ነው» ቢሏቸውም አልሄዱም። ጋሼ መቀስ ወሬውን ሲሰሙ ወርደው ሻይ ቤት ወሰዷቸው፤ በግድግዳው መስታወት ፊት አቁመው ቀኝ እጃቸውን እንዲያነሱ አደረጉና ምስሉ እንዴት እንደተገለበጠ አስረዷቸው። እናትየው ነገሩን ወዲያው ተረዱት፤ ተረድተውም ጋሼ መቀስ ፈጽሞ ያላሰቡትን ጠየቁ፤ «እንግዲያው ልጄ እየሄደ ሳይሆን እየተመለሰ ነበር ማለት ነው?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ይህ ወታደር በውጊያው ዋዜማ ድልድዩን ሳይሻገር ከድቷል ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ከተዋጊዎቹ ጋር ሲመለስ ከታየ ግን አልከዳም፤ ተዋግቷል ማለት ነው። ሰልፉ በተመለሰበት ሌሊት የተመላሾቹ ሰፈር በመድፍ ሲደበደብ ከሞቱት አንዱ የማይሆንበት ምክንያት አልነበረም፤ የተፈለገው በከዳተኞች ዘንድ ስለነበር ግን በሙታን መካከል የፈለገው የለም። ጋሼ መቀስ ሲቆርጡና ሲቀጥሉ የኖሩት እግር የማን እንደሆነ ሰው ሲጠይቃቸው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ጉዳዩ ለአጣሪ ኮሚቴ ቀረበ። ካሜራ ባለሙያው ወደ ሌላ ግንባር ሄዶ ስላልተመለሰ፣ ምስሉ መጀመሪያ የተነሣበት ጥሬ ካሴትም በክፍሉ ልማድ ሌላ ነገር ተቀድቶበት ስለነበር፣ ምስክሩ የሁለት ሰው ቃል ብቻ ሆነ። ጋሼ መቀስ ምስሉን ገልብጫለሁ አሉ። ኃላፊው ይህ ክፍል ምስል አይገለብጥም አሉ። ስለዚህም ኮሚቴው፣ ምስሉ ካልተገለበጠ ጠባሳው በቀኝ ያለው ወታደር የእኚህ እናት ልጅ አይደለም፤ ልጃቸው ነው ቢባል እንኳ የሚታየው ሲሄድ እንጂ ሲመለስ አይደለም ብሎ ወሰነ። ስለ ኮቱ ቁልፍ ቢነሣ የልብስ ሰፊዎች ስህተት ነው ተባለ፤ ይህን የሰሙት የጋሼ መቀስ ባለቤት የሳቁት ሳቅ ግን እንደ ሐሙሱ አልነበረም። ጋሼ መቀስም ድልን ሽሽት ብለው የሠራዊቱን ክብር ነክተዋል ተብለው ከቅንብር ክፍሉ ወደ ካሴት መጋዘን ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም አቧራ ሲያራግፉ ኖሩ። ታናሽ ወንድማቸው በየመሥሪያ ቤቱ አቤት ብለዋል። አንዱ «ጉዳዩ ታይቷል» አላቸው፤ ሌላው «አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ምን አገባህ?» አላቸው። ለማስተማር የጠየቁት ቦታም በዚያው ሰሞን ያለ ምክንያት ለሌላ ተሰጠ። ስለየትኛውም እስከ ዛሬ መልስ የሰጣቸው የለም።

እናትየው ግን ያንን ዘፈን መመልከት አልተዉም። የጋሼ መቀስ ታናሽ ወንድም አንድ ቀን በድፍረት፣ ልጅዎ ከዳተኛ እንደተባለ ያስቀረውን ነገር እንዴት ያዩታል ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ልጄ፣ ሲራመድ የማየው እዚያ ብቻ ነው፤ ደግሞስ ሌላ ማን ዘፈነለት?» አሏቸው። ጋሼ መቀስ ይህን ሲሰሙ «አየህ፣ መታሰቢያው እውነት ነው፤ የዋሸው አቅጣጫው ነው» አሉ። ታሪክ የተማሩት ወንድማቸው ከዚህ የተሻለ አባባል እስካሁን አላገኙም።

ጋሼ መቀስን በመጨረሻ የልብ ሕመም አልጋ ላይ ባዋላቸው ጊዜ፣ ልጃቸው ያንን ዘፈን በስልኳ ከፍታ ምስሉን በጣቷ ነክታ መልሳ ገለበጠችው። እሳቸውን ከሥራቸው ያፈናቀለው ነገር በአንድ ንክኪ ሲሆን አይተው «ይኸው ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያም ልብስ ተኳሿ እናት ተጠርተው መጡ፤ ሰልፉ ወደ ግራ እየተራመደ፣ ቁልፉ በወንድ ወገን ተቆልፎ፣ ጠባሳው በግራ ቅንድብ ላይ ሆኖ፣ ልጃቸው ድልድዩን ተሻግሮ ሲመለስ ሁለቱ አዛውንቶች በአንድ ትራስ ተደግፈው አብረው ተመለከቱ። ጋሼ መቀስ ያን ጊዜ ስክሪኑን ትተው የእናትየውን ፊት ያዩ ነበር። በሳምንቱ በተኙበት አረፉ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም እስከ ዛሬ በመካከላችን ከዳተኛ ያሳደገች እየተባሉ የሚኖሩትን ልብስ ተኳሽ እናት ትተው ተለይተውናል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ይቀበላት፤ ሁሉንም ከፊት ለፊት በምታይበት ስፍራ ያሳርፋት።

መሥሪያ ቤታቸው ለክብራቸው ብሎ ያንን ዘፈን በዚህ አዳራሽ እንድናሳይ ስክሪን ልኮልናል። ቤተሰቡ ተመካክሮ ፈቅዷል፤ የሚታየው ግን ጋሼ መቀስ በመጨረሻ ባዩት አኳኋን ነው። ከመጀመሩ በፊት፣ በፊተኛው ረድፍ የአበባ ጉንጉን ይዘው የተቀመጡትን የቀድሞ ኃላፊያቸውን አንድ ነገር እንጠይቃለን። በዚያ ጠባብ ቤት ከነበራችሁት ከሁለታችሁ የቀሩት እርስዎ ነዎት፤ እናትየውም ከእርስዎ ሁለት ወንበር አልፈው ተቀምጠዋል። እባክዎ ወደ እሳቸው ይዙሩና ይንገሯቸው፤ ሰልፉ ወዴት ነበር የሚሄደው?