ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ጳጉሜ ላይ የተሸጠ መድኃኒት ማን እንደገዛው በምን ይታወቃል? ሀሊማ ይህ ጥያቄ የመጣባት መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከጋሽ አድማሴ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ደጃፍ ቆማ ነው። መልሱን እሷም አላወቀችውም። የሄደችውም ለእናቷ በጎች የትል መድኃኒት ልትገዛ እንጂ ነገር ፍለጋ አልነበረም።

ቱርክ አገር ኮምፒውተር ተምራ ከተመለሰች ሰባት ወሯ ነው። አንድ ቀን «እዚሁ እሠራለሁ» ትላለች፤ በማግስቱ ደግሞ «የተማርኩት ለዚህ አገር ምን ይረባል?» ብላ ፓስፖርቷን ታገላብጣለች። ይህ የሐሳብ መዋዠቅ ከቤት አስቀምጧት አያውቅም፤ ከቤት ሲያወጣትም ወዴት እንደሆነ አይነግራትም።

ጋሽ አድማሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ሱቁን የከፈቱ ሰው ናቸው። ያኔ አንድ የደሴ ልጅ የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቶ ጫነላቸው፤ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። የዚያን ቀን ግን ኮምፒውተሩ ነጠላ ተከናንቦ፣ እሳቸው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ምነው፣ ታመመ እንዴ?» አለች ወደ ነጠላው እያየች።

«ወአለይኩም ሰላም። አብሽሪ፣ ደህና ነው። ጳጉሜ ገብታበት ነው እንጂ።»

«ጳጉሜ ብትገባስ?»

«አያውቃትማ! የሠራው ልጅ ያስተማረው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ጳጉሜ ብዬ ስጽፍለት በቀይ ይቆጣኛል። እኛ ጠበል ስንወርድ እሱ ይተኛል። እኔም የወጣውን ጠርሙስ ካርቶን ላይ እቆጥርና መስከረም አንድ ጠቅልዬ አጎርሰዋለሁ።»

«የገዛው ሰው ስምስ?»

«ስሙ ምን ያደርግልኛል? ስንት እንደወጣ ካወቅሁ ይበቃኛል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በደጋው ክረምት ሲወጣ፣ በረግረጉ ዳር የጋጠ በግ የጉበት ትል ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ጋሽ አድማሴ ዘንድ ገበሬ የሚበዛው ያ መዝገብ በሚተኛባቸው በእነዚያው ቀናት ነው። ሰው ከለመደው ጉድለት ጋር ሲኖር፣ ጉድለቱ ውሎ አድሮ ወግ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ይህን ፕሮግራም ይቀይሩት» አለች ሀሊማ። «እኔ አዲስ እሠራልዎታለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ያረጀ ሁሉ ይቀየር ካልሽ ከእኔ ጀምሪያ! ሴትዮዋም ቤት ውስጥ ይህንኑ ትላለች።»

«እርስዎማ ጳጉሜን ያውቃሉ።»

ሳቁ። «ልጄ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ይህ ሰይጣን የት ላይ እንደሚያነክስ አውቃለሁ። የአንድ መድኃኒት ስም ከረዘመበት ይደነግጣል፤ አሳጥርለታለሁ። ሁለቴ ከተጫነ ይዘጋል፤ በእርጋታ እይዘዋለሁ። ያንቺ መልአክ ቢያነክስ ማን ዘንድ እወስደዋለሁ? አንቺ እንደሁ ነገ ትበሪያለሽ።»

ቃሉ ወጋት፤ እውነት ነበረውና።

«ልክ ነዎት፣ ልሄድ እችላለሁ» አለች። «ግን ያንን ሰይጣን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። አይበልብዎና ቢታመሙ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ማን ያናግረዋል?»

«ሞቴን ጠራሽው እንዴ?»

«አላህ ያኑርዎት! እኔ የምለው ለሥራው ነው። አሮጌውንም አንጥለውም። ጎን ለጎን ይሂዱ፤ አዲሱ ከዋሸ አሮጌው ይመስክርበት። የምሠራውን ሁሉ በአማርኛ ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ብሄድ ሌላ ሰው አንብቦ እንዲቀጥል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«በስልክ ላይ ነው የሚሠራው። ኔትወርክ ባይኖርም ይይዛል።»

ጋሽ አድማሴ ነጠላ የለበሰውን ኮምፒውተር አዩት፤ እሷንም አዩዋት። «በይ እንግዲህ፣ እሱ በተኛበት አንቺ ተጫወቺ። አምስት ቀን። መስከረም ሲጠባ ግን እሱ ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል።»

ሀሊማ በዚያ ምሽት ሠርታ በማግስቱ ይዛ መጣች። የመድኃኒቱ ስም፣ ጠርሙሱ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር፣ የገዢው ስም፣ አገሩ፣ ስልኩ፤ ይኸው ነው። ገበሬዎቹ «ስልክህን ስጥ» ሲባሉ ይስቁ ነበር። «ምነው ጋሼ፣ ልጅዎን ሊድሩልኝ ነው?» ያላቸውም አልጠፋም።

በጳጉሜ አራት ከሰዓት በኋላ የጋሽ አድማሴ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ የመድኃኒቱ አከፋፋይ ነበር። ሽማግሌው እያዳመጡ ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከትናንት በስቲያ የመጣው የጉበት ትል መድኃኒት የመጠን ጽሑፉ ተሳስቷል፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ የሰጠ ሰው በጉን ይገድላል።

«ካርቶኑ!» አሉ። «ካርቶኑ ላይ ሃያ ሦስት ጠርሙስ ይላል። ሃያ ሦስቱን ከማን በር ሄጄ ላንኳኳ? ወላሂ፣ ሰው በእኔ አምኖ...» በዚያ አገር በግ ማለት የልጅ ደብተር ነው፣ የክፉ ቀን ተስፋ ነው።

ሀሊማ ስልኳን ከፍታ የምርት ቁጥሩን ጻፈች። ሃያ ሦስት ስም ተደርድሮ ወጣ። ወዲያው ለሁሉም «የወሰዱትን መድኃኒት ለበጎች አይስጡ፤ ይመልሱልን» የሚል መልእክት ላከች፤ ሁለቱም ተካፍለው እየደወሉ አጠናከሩት። እስከ ማታ ሃያ ሁለቱ ተገኙ። ሁለቱ ቀድመው ሰጥተው ኖሮ የአንደኛው ሦስት በጎች አልቀዋል፤ የሌላውም ታመዋል። ጋሽ አድማሴ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሃያው መንጋ ግን ተረፈ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ሀምዱ፣ ከወግዲ በላይ ያለ መንደር። ስልኩ አይነሣም።

«መልእክቱ ሄዷል፤ ያየዋል» አለች ሀሊማ፣ ራሷም ሳታምነው።

«መሄዱንማ አየሁ። መድረሱን ማን አየ?» አሉና ኩታቸውን አነሡ። «ማሽንሽ የት እንዳለ ነገረኝ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? የቀረው የእግር ነው።»

በማግስቱ ጋሽ አድማሴ ብቻቸውን በወግዲ መኪና ሄዱ፤ ከዚያም ሽቅብ በእግር። ሀምዱን በረቱ ደጃፍ አገኙት። ጠርሙሱ አልተከፈተም፤ ማንበብ ስለማይችል፣ መጠኑን የሚያነብለት መምህር ከበዓል እስኪመለስ እየጠበቀ ነበር። ስልኩም የእሱ አልነበረም። የልጁ የኡሙልኸይር ነው፤ ሳዑዲ ከሄደች ሁለት ወሯ ነው። «በቃሌ የማውቀው ቁጥር ያንን ብቻ ነው፤ ስትጠይቁኝ ያንኑ ሰጠሁ» አላቸው።

መስከረም ሁለት ሱቁ ሲከፈት ጋሽ አድማሴ ነጠላውን ራሳቸው ገፈፉት።

«እንግዲህ የዚህን የአሥራ ስድስት ዓመት እውቀት ወደ አዲሱ አሻግሪልኝ» አሉ። «ተረትቻለሁ። እኔ ጠርሙስ ስቆጥር ኖሬ ሰዉን ሳልቆጥረው ኖሬያለሁ። ያንቺው ሰው ያስታውሳል፣ ጳጉሜን አይዘልም፣ እኔ ብታመምም የሚያናግረው አያጣም። አንድ ነገር ግን ጨምሪበት። ከስልኩ ሥር የማን ስልክ እንደሆነ፣ የቅርብ ጎረቤቱም ማን እንደሆነ ይጻፍ።»

«ይህን እኔ አላሰብኩትም» አለች ሀሊማ። በቱርክ ያስተማሯትም አላሰቡትም።

«አንቺ ወግዲን ሽቅብ አልወጣሽውማ። አሁን ደግሞ መልእክት አጻጻፍ አሳዪኝ፤ ያ ማስጠንቀቂያ የሄደው ልጅቱ ዘንድ ነውና ትደነግጣለች።»

አሳየቻቸው። ከዚያ በፊት በስልክ ጽፈው አያውቁም ነበር። በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል ከፊደል እየለቀሙ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ሲጨርሱ እንድታርመው ሰጧት፤ ምንም አላረመችም።

«ልጄ ኡሙልኸይር፣ አባትሽ ደህና ነው። በጎቹም ደህና ናቸው። እኔ ከመካነ ሰላም አድማሴ ነኝ።»

ወደዚያው ቁጥር ላኩት። መልስ አልመጣም።